የመሪጌታው ልጅ አብሾ

በአገራችን ሐኪም ጠፍቶ ያውቃል። መድኃኒትም ጠፍቶ ያውቃል። የበሽታ ስም ግን ጠፍቶ አያውቅም። የተኮሳተረ ሰው ዓይነ ጥላ አለበት። ያጓራ ሰው ዛር ሰፍሮበታል። ሆዱን የቆረጠውን ቡዳ በልቶታል፤ በቀትር ወንዝ የተሻገረውን ጋኔን ለክፎታል። ስሙ ከወጣ በኋላ ያለው ነገር ቀላል ነው። ጎረቤቱ ሁሉ "አዬ፣ እሱ ነው እንዴ!" ይልና ጋቢውን አጣፍቶ፣ ወደ ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል። የታመመው ሰው ከነስሙ እዚያው ይቀራል።

ጠጥቶ ለሚያለቅስ ሰውም ስም አለን፤ አብሾ አለበት እንላለን። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ አብሾ ቅጠል ነው። የቤተ ክህነት ልጅ ትምህርት እንዲገባው በልጅነቱ ይጠጣዋል ይባላል፤ የጠጣው ልጅም አንዴ የሰማውን አይረሳም ይባላል። ዕዳው የሚመጣው ኋላ ነው። አብሾ የቀመሰ ሰው አድጎ መጠጥ ከነካ፣ ቅጠሉ ከተኛበት ተነሥቶ ያሳብደዋል። ይባላል ነው የምላችሁ። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ሰው ነኝ፤ አብሾም አልቀመስሁ። የሰማሁትን ግን አልረሳም፤ ይኸም አንድ መርገም ነው።

ያን ጊዜ ጎንደር ላይ የተማሪዎች ማደሪያ ዘበኛ ነበርሁ። ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። መንግሥት ለየአውራጃው ጤና የሚጠብቁ መኮንኖች ያስፈልጉኛል ብሎ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ሰብስቦ ለፈረንጅ አስተማሪዎች አስረክቧቸዋል። ከሐኪም ትንሽ ዝቅ፣ ከቁስል ጠራጊው ከድሬሰር ብዙ ከፍ ይላሉ ተባለ። አልጋ በነጭ አንሶላ፣ ምሳ በሹካ፣ ካኪ ሱሪ በመንግሥት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው፣ እግዜር የወደደውን እንዲህ ነው የሚያደርገው እል ነበር።

እነሱ ግን ይጠጡ ነበር። መጠጣቱስ ባልከፋ፤ የገረመኝ ጊዜው ነው። ገበሬ የሚጠጣው አዝመራውን ጎተራ ካስገባ በኋላ ነው። እነዚህ የሚጠጡት ፈተና ሲቀርብ፣ ገና እህሉ ሳያሸት ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እየተሳሳቁ ወደ ጠጅ ቤት ይወርዳሉ። ሲመለሱ ሳቁን የሆነ ቦታ ጥለውት ይመጣሉ። አንዱ አጥር ይዞ ያስመልሳል፤ አንዱ በማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ያለቅሳል፤ አንዱ በእንግሊዝኛ ይሳደባል። ሰኞ ጠዋት ፀጉራቸውን አበጥረው ሲወጡ ብታዩዋቸው፣ ይኸ ሁሉ የሌላ ሰው ልጅ የሠራው ይመስላችኋል።

ሰክሮ የገባውን ጠዋት ጠዋት ለተቆጣጣሪው እንድነግር ታዝዤ ነበር። መዝግብ ቢሉኝ ፊደል አላውቅም ብዬ እድን ነበር፤ በአፍህ ንገር አሉኝ። አፌን ደግሞ ከእጄ ይበልጥ አላዝዘውም። በየጠዋቱ "ሰላም ነው" እላለሁ። ተቆጣጣሪውም ይኸን ሰምቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። ልጆቹ ባወቁ ጊዜ ወደዱኝ። ዝም የሚል ሰው ደግ ይመስላቸዋል። አንዳንዱ ዝም የሚለው ግን የሚለው ስለሌለው ነው።

ከነዚህ ልጆች አንዱ ልሳነ ወርቅ ይባላል። አገሩ ወገራ ነው፤ ከዳባት ወርዶ በእግር ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ደብር። እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝ። አባቱ መሪጌታ ጥበቡ ዜማ ያስተምራሉ። ልጃቸውን ከጉባኤው አውጥተው አስኳላ የሰደዱት ጊዜ አገሩ ሁሉ አጉረመረመ። ልጁ ጎንደር ኮሌጅ ገባ፣ መኮንን ሊሆን ነው የተባለ ጊዜ ያው አገር እልል አለ። አገር እንዲህ ነው።

ይኸ ልጅ የሚያጠናው እንደ አባቱ ተማሪዎች ነበር። መጽሐፉን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ በአጥሩ ጥግ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ራሱን እየነቀነቀ የሰው አጥንት ስም ያዜማል። አዎ፣ ያዜማል። ሁመረስ፣ ራዲየስ፣ አልና፤ በአራራይ። የእግሩን ደግሞ በዕዝል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ዜማውን ስሰማ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆሜ ነበር፤ የክንድ አጥንት መሆኑን የተረዳሁ ኋላ ነው። አብሮት አንድ ክፍል የሚያድረው የአዲስ አበባው ልጅ፣ ግርማ፣ በመስኮት ብቅ ብሎ "አንተ መሪጌታ! አጥንቱን እኮ ቀደስኸው! አሁን ማን ደፍሮ ይሰብረዋል?" ይለዋል። ግቢው በሙሉ ይስቃል። ልሳነ ወርቅም አብሮ ይስቅ ነበር፤ መጀመሪያ መጀመሪያ።

መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል። ፈረንጁ ግን የአጥንቱን ስም ሰምቶ አይረካም። "ይኸ ቢሰበር ምን ታደርጋለህ? ለምን?" ይላል። በልሳነ ወርቅ አገር፣ ለምን ለሚል ተማሪ የሚመልስለት አርጩሜ ነው። ለምን እንዳይል እየተገረፈ ያደገ ልጅ፣ እዚህ ለምን አላልህም ተብሎ ዜሮ ይሰጠው ጀመር።

ከኅዳር ወዲህ መጠጣት ያዘ። ሲመለስ ሽታው እስኪበርድለት ከዘበኛ ቤቱ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

"አያ ፈንታ፣ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል" ይለኛል። "ስጠጣ ይነሣልኛል። ሲበርድልኝ ተመልሶ ይቀመጣል። እንቅልፍ ምን ይመስል እንደነበር እንኳ ረሳሁት።"

"አይዞህ" እለዋለሁ። አይዞህ ሸጋ ቃል ናት። ሰጪውን ምንም አታስወጣውም።

በጥር፣ የጥምቀቱ ግርግር ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ቀና ብሎም ሳያየኝ መጥቶ ተቀመጠ። "ዛሬ የቀሐ ድልድይ ላይ ቆሜ ውኃውን ሳይ ዋልሁ" አለኝ። መልሴን ጠበቀ። ብዙ ጠበቀ። እኔም አሰብሁ፣ አሰብሁና፣ "በጋ ነው፤ ጉልበት የለውም" አልሁት።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰው ነፍሱን አውጥቶ በመዳፉ ቢያሳየኝ፣ እኔ የወንዝ ወሬ ነገርሁት።

የካቲት ላይ የሆነውን ግቢው በሙሉ አይቷል። ቅዳሜ ነው፤ ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም። ልሳነ ወርቅ ከጠጅ ቤት ብቻውን ተመለሰ። ክፍሉ ገብቶ ደብተሮቹን አቅፎ ወጣ። ከበሩ አጠገብ እግር የምንታጠብበት ባልዲ አለ። እዚያ ቁጭ ብሎ ደብተሩን ቅጠል በቅጠል እየገነጠለ ውኃው ውስጥ ይነክር ጀመር። ቀለሙ ሲለቅና ውኃው ሲጠቁር ባልዲውን አንሥቶ ጠጣ። በአገራችን ለታመመ ሰው ጸሎት ተጽፎ፣ ታጥቦ፣ ይጠጣ የለም? እንደዚያ።

"በራሴ አልገባ ብሎኛል!" አለ። "በሆዴ ልሞክረው!"

ግርማ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ከዚያ ልጁ ለቅሶውን ለቀቀው። የሬሳ ለቅሶ ነው የምላችሁ። ሊይዙት ሲመጡ መስኮቱን በጡጫ ሰበረው፤ እጁ ደማ፤ አራት ሆነው ጣሉት። አንዱ ተማሪ፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ "የመሪጌታ ልጅ አይደል? አብሾ ነዋ!" አለ። ወዲያው ግቢው ተነፈሰ። ዛር የለም፣ ቡዳ የለም እያሉ ከፈረንጅ የሚማሩት እነዚያው ልጆች "አዬ፣ አብሾ ነው እንዴ!" ተባብለው፣ ልብሳቸውን አራግፈው ራታቸውን ሊበሉ ገቡ።

የኮሌጁ ዳይሬክተር ሰኞ አስጠራኝ። ውጭ አገር የተማረ፣ ጨዋ ሰው ነው። "ደንቡ ግልጽ ነው" አለኝ። "ሰካራም ከሆነ ይባረራል። በሽታ ከሆነ ግን አባቱ መጥቶ ይንገረኝ። የአገሩ ሰው አንተ ነህና ሂድ አምጣው።"

እስከ ዳባት በማኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድሁ። መሪጌታ ከደብሩ ዛፍ ሥር ተማሪ ከበዋቸው አገኘኋቸው።

"ፈንታ! ምነው መጣህ? ልጄ ደኅና ነው?"

"ደኅና አይደለም።"

"ምነው?"

"አብሾ ነው ይላሉ።"

ተማሪዎቹን በእጃቸው አሰናበቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አብሾ እኮ አላጠጣሁትም" አሉ። "ሰው ሁሉ ስጠው ስጠው ብሎኝ ነበር። እናቱ እግሬ ላይ ወድቃ ከለከለችኝ። ጠብታ አልቀመሰም።"

መሪጌታ ጠጋ አሉኝ።

"አብሾ ካልሆነ ምን ይሉታል?"

"ሰካራም።"

"ምን ያደርጉታል?"

"ያባርሩታል።"

በማግሥቱ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ማኪናው ጎንደር ሊገባ ሲል ክንዴን ያዙና በደብሩ ታቦት አማሉኝ፤ የነገሩኝን ለማንም እንዳልናገር። ማልሁ። ለዝምታ መማል ለእኔ ውኃ እንደመጠጣት ነው። ደግሞም ያዘንሁላቸው ይመስለኛል። አብሾ ሲባል ነገሩ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም አብሾ ያለበት ልጅ ያው ጎበዝ ልጅ ነው። አብሾ ከሌለ የሚቀረው ልጁ ራሱ ነው። እሱን ምን ብለው ስም ያወጡለታል?

ዳይሬክተሩ ፊት ቆምን። ልሳነ ወርቅ እጁ በነጭ ጨርቅ ተጠምጥሞ ጥግ ላይ ነበር።

"እኔ ነኝ" አሉ መሪጌታ። "በሰባት ዓመቱ ነው ያጠጣሁት። ልጁ ጥፋት የለበትም።"

ዳይሬክተሩ ከመደርደሪያው ወፍራም መጽሐፍ አውርዶ ገለጥ ገለጥ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። ተክሉ በመጽሐፉ ይገኛል፤ መርዝ ነው አለ። የቤተ ክህነቱም የፈረንጁም መጽሐፍ በዚያች ቀን ተስማሙ። እኔ በማላነበው ነገር ሁለት የተማሩ ሰዎች ሲስማሙ፣ ከመሪጌታ በቀር ውሸት መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ልጁ ቀና አለ። "እውነት ነው የኔታ?" አባቱን የሚጠራው እንደ ተማሪ ነው።

"እውነት ነው ልጄ።"

ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዩ! ሸክሙን ማን እንዳሸከመው በመጨረሻ ያወቀ ሰው ፊት ነው። አባትየው ያን ብርሃን አይተው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሁለት ሳምንት ጠበል ተጠመቀና ተመለሰ። መጠጥ ተወ። ጠላ እንኳ አይቀምስም። ግርማ ሳይቀር ዜማውን ሰምቶ ዝም ይለው ጀመር። ተቆጣጣሪው አመሰገነ፤ ዳይሬክተሩ ደስ አለው። ነገሩ አለቀ ተባለ። አንድ ሰው፣ እንዲያው አንድ ሰው፣ "ትተኛለህ?" ብሎ አልጠየቀውም። ስሙ የታወቀ በሽታ ምን ይጠየቃል?

ሰኔ ገባ፤ ፈተናም ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ደመናው ተጭኖ፣ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከስቷል። የኮቱ አንገት ሁለት ሰው ይይዛል።

"አያ ፈንታ፣ አብሾው አልወጣም" አለኝ።

"ጠጣህ እንዴ?"

"አልጠጣሁም! ነገሩ ይኸው ነው እኮ። ሳልጠጣ ተነሣብኝ። ደረቴ ላይ ተመልሶ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ጠጥቶ ነው የሚነሣበት፤ እኔ በደረቁ ከተነሣብኝ እንግዲህ መድኃኒት የለውም ማለት ነው። ጠበሉም አልያዘኝ። ደሜ ውስጥ ነው፤ ከደሜ ማን ያወጣዋል?"

ሲናገር አላለቀሰም። ቢያለቅስ በወደድሁ። የማኪና ሰዓት እንደሚጠይቅ መንገደኛ ረጋ ብሎ፣ "ቀሐ ሞልቷል አይደል?" አለኝ።

ሞልቷል። ጠዋት ስሻገረው ያገሳ ነበር።

ታቦቱ ትዝ አለኝ። የመሪጌታ ጥምጥም ትዝ አለኝ። እጁን፣ ያን የተሰፋውን እጁን ያዝሁና "አብሾ የለብህም" አልሁት።

"ምን?"

"አባትህ አላጠጡህም። እንዳትባረር ብለው ነው። ጠብታ አልቀመስህም።"

እጁን ከእጄ ሊነጥቅ ታገለ፤ አልለቀቅሁትም። ድሮ ከብት ጥዬ አውቃለሁ። "ታዲያ ያን ቀን እንደዚያ ያለቀሰው ማነው?" አለ።

"አንተ ነሃ።"

ዝናቡ ጀመረ። ወደ ዘበኛ ቤቱ አስገባሁትና ተናገር አልሁት። ምን ምን እንዳለኝ ሁሉንም አልነግራችሁም። አባቱ ደብዳቤ በጻፉለት ቁጥር "ልጄ መኮንኑ" ብለው እንደሚጀምሩ ነገረኝ። ትምህርቱ አይገባኝም ብሎ አንድ ጊዜ ለግርማ ሊነግረው ሲል ግርማ ቀድሞ ቀልድ እንደነገረው፣ እሱም አብሮት እንደሳቀ ነገረኝ። ለእኔም በጥር ነግሮኝ እንደነበር ነገረኝ። ይኸን ሲል መሬት መሬት አየሁ። ዝም ባለ ቁጥር "ከዚያስ?" እለዋለሁ። ጥበብ አልነበረኝም፤ "ከዚያስ?" ብቻ ነው ያለኝ። ከዝናቡ ጋር ጀምሮ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው የጨረሰ። ግርማ ሊፈልገው መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ ሰማ። አፉ ላይ የመጣችውን ቀልድ ዋጣትና ገብቶ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት ልሳነ ወርቅ ራሱ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደ። "አብሾ የለብኝም፤ የጠጣሁት ስለጨነቀኝ ነው፤ ትምህርቱም አልገባኝም" አለ። ዳይሬክተሩ አዘነለት። ጨዋ ሰው ነው ብያችሁ የለም? አዘነለትና አባረረው። ደንቡ ለመርዝ እንጂ ለጭንቀት ቦታ የለውም። ውሸቱ ያቆየውን እውነቱ አስወጣው። ሳጥኑን እኔና ግርማ ተሸክመን እስከ ማኪናው ሸኘነው። መሐላዬን ስላፈረስሁ የንስሐ አባቴ ስግደት ሰጡኝ፤ ጉልበቴ ዛሬም ድረስ ያስታውሰኛል።

በኋላ የሆነ ሆስፒታል ለድሬሰርነት ተቀብሎ አስተማረውና ሳንጃ ቆላ ሰደደው። የሰሊጥ አጫጅ ወባ ሲጥለው መርፌ የሚወጋው እሱ ነው ይላሉ። መጠጡን ጨርሶ ተወ ብዬ አልዋሻችሁም። በሕይወት አለ። እኔ የማውቀው ይኸን ነው።

መሪጌታ ሁለት ዓመት አኮረፉኝ። ባለፈው ዳባት ገበያ ፊት ለፊት ተገጣጠምን፤ መሸሻ አልነበረም። ሰላምታ ሳይሰጡኝ "ይተኛል?" አሉኝ።

"ይተኛል ይላሉ።"

በረጅሙ ተነፈሱ። እንደሚሄዱ ሆነው ቆሙ። "አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው" አሉ። ወሬው ከጎንደር አገራቸው ደርሶ ኖሯል፤ ግን አገር እንደሚሰማው ነው የደረሰው። መሪጌታ ልጃቸውን ኮሌጅ ያስገቡት በአብሾ ነው ተባለ። ልጁን አስኳላ የላከ ሁሉ ዶሮ ይዞ በራቸው ላይ ይሰለፋል፤ "የኔታ፣ ለእኛም ልጅ ይስጡልን" እያለ። የለኝም ቢሉ ሰሰቱ ይሏቸዋል። ክፉ ቅጠል ነው ቢሉ ለልጅዎ ሲሆን እንዴት አልከፋም ይሏቸዋል።

"ታዲያ ምን ያደርጋሉ?"

"ጤና አዳም ቀጥቅጬ፣ አብሾ ነው ብዬ እሰጣቸዋለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ከመድኃኒቱ ጋር ትእዛዝ አለው እላቸዋለሁ። በየሰንበቱ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ምን ከበደህ በሉት፤ ሲናገር አታቋርጡት፤ አትቆጡት። ይኸ ከጎደለ መድኃኒቱ ይረክሳል እላቸዋለሁ።"

"ልጆቹን ይጠይቋቸዋል?"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ፤ ገበያተኛውን አየት አደረጉ።

"ቅጠሉን ይወስዳሉ" አሉ።